ሃያኛው ቀለህ

ኮርማው የተገደለው ጎህ ሲቀድ ነው። ሁለት ሰዓት ላይ ገዳዩን የማያውቅ የመንደሩ ነዋሪ አልነበረም። ወሬው ያልደረሳቸው ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ አንዷ ገና መንገድ ላይ ያለችው መርማሪ፣ ሌላው ደግሞ ቤታቸው ተቀምጠው ሻይ የሚጠጡት ገዳይ ተብዬው ራሳቸው።

መርማሪዋ ከብት እርባታው ስትደርስ ጭጋጉ ከሽቦ አጥሩ ላይ ገና አልተነሣም። አርባ ስድስት ዓመቷ ነው። ሥራዋን ትወዳለች፤ ይህን ለሰው መናገር ግን ያሳፍራታል፣ ሥራዋ የሚመጣው የሌላ ሰው ሐዘን ሲመጣ ነውና። የዛሬው ሐዘንተኛ ከብት አርቢው ነው። ባርኔጣውን በሁለት እጁ ጨብጦ ከኮርማው ራስጌ ቆሟል።

"ስምንት ዓመት!" አለ። "በጡጦ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። በዚህ አገር የምታዪአቸው ላሞች ግማሾቹ የሱ ልጆች ናቸው።"

"ያጽናዎት" አለች። ለኮርማ ይባል አይባል ግን እርግጠኛ አልነበረችም።

ኮርማው በቀኝ ጎኑ ወድቋል። ከግራ ትከሻው ኋላ ትንሿ ጣት የምትደፍናት ቀዳዳ አለች። መርማሪዋ ስለ መሣሪያ የምታውቀው ወገቧ ላይ ስላለችው ሽጉጥ ብቻ ነው፤ እሷንም የምትተኩሳት በዓመት አንዴ፣ ለፈተና ነው። ስለዚህ የማያውቅ ሰው የሚያደርገውን አደረገች፤ ምንም ሳትመርጥ ሁሉንም አየች። ሳጅኑንና ሦስት አላቢዎችን አስተባብራ ሬሳውን አስገለበጠች። በቀኝ ጎኑም ያችኑ የምታክል ቀዳዳ ነበረች። ማስታወሻ ደብተሯን አወጣችና በሬ ሣለች፤ ግራና ቀኙ ላይ አንዳንድ ነጥብ አደረገች። የሰዎቹ ክንድ ዛለና ሲለቁት ኮርማው ተመልሶ በቀኝ ጎኑ ተጋደመ።

"በሬ ነው ወይስ ጉማሬ?" አለ ሳጅኑ ሥዕሉን ሰረቅ አድርጎ አይቶ።

"አንተ ጥይቱን ፈልግ።"

ሳጅኑ ጥይቱን አላገኘም። ሠላሳ እርምጃ ያህል ርቆ፣ ከእግር መንገዱ ዳር፣ ሣሩ ላይ ያገኘው ቀለሁን ነው፤ ጥይት ከተተኮሰ በኋላ የሚቀረውን የናስ ቀፎ። ከቀለሁ ቂጥ ላይ ሁለት ቀይ የቀለም ነጥቦች አሉ። አርቢው ነጥቦቹን ባየ ጊዜ ፊቱ ተለዋወጠ።

"አላልኩም? አባ ቀለህ! እንዲህ ነጥብ የሚያደርግ ከሱ ሌላ ማን አለ?"

"አባ ቀለህ ማናቸው?"

ማንነታቸውን ለመናገር ከሳጅኑ እስከ አላቢዎቹ ሁሉም አፉን ከፈተ። ጡረታ የወጡ የጦር ሠራዊት መሣሪያ ጠጋኝ ናቸው። ለአዳኞች ማኅበር ጥይት በእጃቸው ይሞላሉ፤ በአካባቢው ይህን ለመሥራት ፈቃድ ያላቸው እሳቸው ብቻ ናቸው። ባለፈው ሳምንት ኮርማው አጥር ጥሶ የሚስታቸውን ጥቅል ጎመን ሙልጭ አድርጎ በላ። በማግስቱ እሳቸው ሱቅ ደጃፍ ላይ ቆመው "ይሄን በሬ አንድ ቀን በአንዲት ጥይት እገላግላችኋለሁ" አሉ። ያኔ ሰው ሁሉ ስቋል። ዛሬ የሚስቅ የለም፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

መርማሪዋ መኪናዋ ውስጥ ልትገባ ስትል የከብት ሐኪሙ የጎማ ቦቲውን እንዳጠለቀ ደረሰ። ሠላሳ አምስት ቢሆነው ነው። ያገኘው ሰው ሁሉ "ዶክተር፣ ዶክተር" እያለ እጁን ይጨብጠዋል። የተጋደመውን ኮርማ አየና ዓይኑን ወዲያው መለሰ።

"ልከፍተው ነው" አላት። "ጥይቱን ካገኘሁት ራሴ አመጣልዎታለሁ።"

ቃሉን አላጠፈም። እኩለ ቀን ላይ ጣቢያ መጣና በነጭ የብረት ሳህን ላይ ያለ የጥይት እርሳስ ጠረጴዛዋ ላይ አኖረ። ጫፉ ተከፍቶ የእንጉዳይ ቅርጽ ይዟል።

"ከሳንባው ውስጥ ነው ያወጣሁት" አለ።

ሐኪሙ እንደወጣ ሳጅኑ ተነሣ። "ይሄ የአባ ቀለህ ለስላሳ ጥይት ነው። ቀለሁ አለ፣ ጥይቱ አለ፣ ዛቻው አለ። ከዚህ በላይ እጅ ከፍንጅ መያዝ ምን አለ? ካቴናውን ላምጣ?"

"የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" አለችው። "መጀመሪያ እንያቸው።"

*

የአባ ቀለህ ቤት በር ላይ ያገኘቻቸው ባለቤታቸው ናቸው። አጭር፣ ፈጣን፣ ከዓይናቸው ምንም የማያመልጥ ሴትዮ።

"ፖሊስ ናችሁ? ግቡ። ግን ጫማችሁን አራግፉ፤ ወንጀለኛ ብንሆንም ወለሉን የጠረግኩት አሁን ነው።"

አባ ቀለህ መስኮቱ ሥር ካለው የሥራ ጠረጴዛቸው ላይ ነበሩ። የቆመ የብረት ጥይት መሙያ፣ የባሩድ ሚዛን፣ በየመጠኑ የተደረደሩ ጣሳዎች አሉ፤ አንዱም ከቦታው አልተዛነፈም። ሽማግሌው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ።

"ልጄ፣ ቁጭ በይ። በሬውን አልገደልኩም። ልገድለው ግን አስቤ ነበር፤ ጎመኑ ጥሩ ጎመን ነበር።"

መርማሪዋ ሳቋን ዋጠች። ስለ ሥራቸው ጠየቀቻቸው። እሳቸውም የሚጠይቃቸው ሰው ሲጠብቁ የኖሩ ይመስል ቀጠሉ። አንዲት ረጅም ጥይት አንሥተው በብርሃኑ ላይ አሽከረከሯት።

"ይቺ ከኔ በዕድሜ ትበልጣለች። የጦር ሜዳ ጥይት ናት፤ የተሠራችው ለሰው ነው። ሠላሳ ዓመት እሷን የሚተኩስ ጠመንጃ ስጠግን ኖርኩ። ጡረታ ስወጣ እሷንም አብሬ ጡረታ አወጣኋት። ቀለሁ ያው የድሮው ነው። ሹሉን የወታደር እርሳስ አውጥቼ አፉ ለስላሳ የሆነውን የአደን እርሳስ እተክልላታለሁ፣ ባሩዷንም እቀንስላታለሁ። አውሬ ቢሞትም ሳይሰቃይ ይሙት።"

"ነጥቦቹስ?"

"አንድ ጊዜ ስሞላት አንድ፣ ሁለተኛ ስሞላት ሁለት። ሦስተኛ አልሞላም፤ ናስም እንደ ሰው ይደክማል።" ሃያ ቀዳዳ ያለው የእንጨት ሳጥን ከፈቱ። "ሃያ ይዤ እወጣለሁ፣ ሃያ ይዤ እገባለሁ። ሜዳ ላይ ቀለህ ጥዬ ከምመጣ ጥርሴን ጥዬ ብመጣ ይሻለኛል።"

"የቱን ጥርስ?" አሉ ባለቤታቸው ከጓዳ።

መርማሪዋ ሳጥኑን ቆጠረች። አሥራ ዘጠኝ ቀለህ፣ አንድ ባዶ ቀዳዳ። ከኪሷ የሣሩን ቀለህ አወጣችና በፕላስቲክ ከረጢቱ እንዳለ ሰጠቻቸው። የከረጢቱን አፍ ከፈት አድርገው ነጥቦቹን አዩ፤ ከዚያ እንደ ልማዳቸው ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። እንደ አሸተቱት ጨዋታቸው ሁሉ ቀጥ አለ። ባለቤታቸው ሻይ ይዘው ሲገቡ ሽማግሌው ከረጢቱን በመዳፋቸው ሸፈኑት።

"የኔ ነው" አሉ ቀስ ብለው፣ ሴትዮዋ ከተመለሱ በኋላ። "እኔ የሞላሁት ነው።"

"ለማን ሰጥተውት ነበር?"

"ረሳሁ።"

የባሩድ ክብደት እስከ ቅንጣቱ በቃሉ የሚያውቅ ሰው "ረሳሁ" ሲል መርማሪዋ ጆሮዋ ቆመ። ደግማ ደጋግማ ብትጠይቃቸውም ሌላ ቃል አልወጣቸውም። ነገሩን ሆድ ይፍጀው ብለዋል። ስለዚህ ሕጉ የሚለውን ማድረግ ነበረባት፤ ጠመንጃቸውን ተረከበች፣ ጠረጴዛውንም በወረቀት አሸገች። የፈቃድ መሥሪያ ቤቱ ዓርብ ይሰበሰባል። እስከዚያ ሌላ ተጠርጣሪ ካልተገኘ ፈቃዳቸው ይሰረዛል፤ ጠረጴዛውም ይነሣል።

ሽማግሌው ማሸጊያውን አዩት። መነጽራቸውን አውልቀው የሚያስቀምጡበት ቦታ ጠፋቸው፤ ሁልጊዜ የሚያስቀምጡት እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነበር።

ባለቤታቸው እስከ በሩ ሸኟት። "ልጄ፣ ልጅ አልወለድንም" አሉ። ድምፃቸው ውስጥ አሁን ቀልድ የለም። "ያለን እሁድ እሁድ ምሳ ሊበላ የሚመጣው ዶክተርና ያ ጠረጴዛ ናቸው። ጠረጴዛውን ከወሰዳችሁበት ይሄ ሰውዬ ጠዋት ለምን ብሎ ይነሣል?"

መርማሪዋ ወደ መኪናዋ ሄደች። ያለኝ ሦስት ቀን ነው አለች በሆዷ።

*

ሳጅኑ በማግስቱ ሌላ ተጠርጣሪ ይዞ መጣ፤ ሥጋ ሻጩን። ፒክአፑ ጎህ ሲቀድ በእርባታው አጥር አጠገብ ስትበር ታይታለች። ሰውየውም ኮርማውን ባየ ቁጥር "ምን ዓይነት ሽንጥ ነው!" ማለት ያበዛ ነበር።

ሥጋ ሻጩ ሱቁ ውስጥ ቢላዋ እየሳለ፣ ያለ ምክንያት ፈገግ እያለ አገኙት።

"ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ የት ነበርክ?" አለችው።

"ወለድን!"

"ምን?"

"መንታ! ሁለት ሴቶች! ሚስቴን ይዤ ስበር ነበር። በአጥሩ በኩል አቋራጭ ነው። ኧረ መኪናዬ ባትከሰስ ነው!"

ሐኪም ቤት ደወለች። አዋላጇ ስልኩ ላይ ሳቀች። "እሱማ እዚሁ ነበር። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የመጀመሪያዋ ስትወጣ ወደቀ፤ ከእናቲቱ ይልቅ ያስቸገረን እሱ ነው።"

ሥጋ ሻጩ አንገቱን ደፋ። "ደም እኮ አልወድም" አለ። ሳጅኑ ዙሪያውን የተሰቀለውን ሥጋ አይቶ ወጣ። መርማሪዋ መኪናው ውስጥ እስክትገባ ሳቋን መቆጣጠር አልቻለችም።

ሳቁ ግን ዓርብን አያርቅም። የሣሩን ቀለህ አውጥታ እሷም አሸተተችው። የባሩድ ሽታ አልነበረውም። አንድ የምታውቀው፣ ግን የት እንደሆነ ያጣችው ስለታም ሽታ ነበረው። ትናንት የተተኮሰ ቀለህ ባሩድ ካልሸተተ ምን ይሸታል?

*

ሐሙስ ጠዋት አባ ቀለህን ወደ ተኩስ ሜዳው ወሰደቻቸው፤ ጠመንጃቸውንም ራሷ ይዛ።

"የማላውቀውን ያስተምሩኝ" አለች። "ሁለቱን ጥይት ያሳዩኝ፤ የወታደሩንና የእርስዎን።"

ሽማግሌው አመነቱ። በኋላ ግን አስተማሪነታቸው አሸነፋቸው። ውሃ የሞሉ አምስት ጀሪካኖች በአንድ መስመር አስደረደሩ። መጀመሪያ የራሳቸውን ጥይት አጎረሱና ተኮሱ። የፊተኛው ጀሪካን ፈነዳ፤ ውሃው ሳጅኑን ከራስ እስከ እግሩ አለበሰው። ሁለተኛው ተተረተረ። ሦስተኛው ውስጥ እርሳሱ እንደ እንጉዳይ ተከፍቶ ከሥሩ ተቀምጧል።

"ይቺ ገብታ ትቀራለች" አሉ። "ብትወጣ እንኳ የምትወጣበት በር እጅ ያስገባል። አሁን ደግሞ እናቷን እይ።"

አዲስ ጀሪካኖች ተደረደሩ። የወታደሩ ሹል ጥይት ተተኮሰ። አንዱም አልፈነዳም። አምስቱም ከፊትም ከኋላም ከትንንሽ ቀዳዳ ውሃ ያንጠባጥቡ ጀመር። ጥይቷ የት እንደሄደች እግዜር ይወቅ።

መርማሪዋ ጎንበስ ብላ አንዱን ጀሪካን ዞረችው። ከፊት ትንሿ ጣት የምትደፍናት ቀዳዳ አለች። ከኋላም ያችኑ የምታክል አለች። ቀስ ብላ ማስታወሻ ደብተሯን አወጣችና ጉማሬ የመሰለውን በሬዋን አየች፤ ግራና ቀኙ ላይ አንዳንድ ነጥብ።

"ሳጅን" አለች፣ "ጥይቱ በስተቀኝ ከወጣ፣ ሳንባው ውስጥ የተገኘው ጥይት ከየት መጣ?"

ሳጅኑ ከፀጉሩ ውሃ እየጨመቀ ቆሞ ቀረ። "ሁለት ጊዜ ተተኩሶ ይሆናላ።"

"ቀዳዳው ሦስት በሆነ ነበር። እኛ ኮርማውን ስንገለብጥ ያላየን አንድ ሰው አለ። እሱ ሲደርስ ኮርማው ተመልሶ በቀኝ ጎኑ ተጋድሟል፤ ከሥሩ ያለውን ቀዳዳ ማንም አላየም ብሎ አሰበ።"

አባ ቀለህ ጠመንጃውን አግዳሚ ወንበሩ ላይ አስቀመጡ።

"ልጄ" አሉ፣ "እኔ ነኝ በይና መዝገቡን ዝጊው።"

"አባባ!"

"ስሚኝ። እኔ ሰባ አንድ ዓመቴ ነው። ጠረጴዛው ቢወሰድ አትክልት እኮተኩታለሁ። እሱ ግን ገና ነው። ይሄ ሁሉ ላም፣ ይሄ ሁሉ በግ ያለ እሱ ማን አለው? በቃ፣ ዛቻውንም ዝቻለሁ፣ ሰው ሁሉ ሰምቶኛል።"

ስሙን ሳይጠሩት ነገሯት፤ መናገራቸውንም አላወቁትም።

"አባባ፣ ውሸት አይችሉበትም" አለች። "ከሽታው ነው ያወቁት፣ አይደል?"

ሽማግሌው ጀሪካኖቹን መሰብሰብ ጀመሩ። ቀለሁ ለማን እንደተሰጠ ባለቤታቸውን ሄዳ ብትጠይቅ በአንድ ቃል እንደሚነግሯት ታውቃለች። አልሄደችም። ሴትዮዋ ሳያውቁ የእሁድ ልጃቸውን በአንደበታቸው እንዲያሲዙ አልፈለገችም።

*

የከብት ሐኪሙ ክፍል ንጹሕ ነው፤ በሩ ሲከፈት የቁስል መድኃኒት ሽታ ይቀበላል። መርማሪዋ ደፉ ላይ ቆማ በረጅሙ ሳበችው። ያጣችው ሽታ ይኸው ነው። መደርደሪያው ላይ፣ ከጠርሙሶቹ መካከል፣ የከርከሮ ጥርስ ተቀምጧል። ከአጠገቡ አቧራው ላይ ሁለት ንጹሕ ክብ ምልክቶች አሉ። ቀለሁን ከከረጢቱ ሳታወጣ ከአንደኛው በላይ ያዘችው፤ ልክ ነው።

ሐኪሙ እጁን እየታጠበ ነበር። ውሃውን አልዘጋውም።

"የመጀመሪያ ከርከሮህ ነው?" አለችው በአገጯ ወደ ጥርሱ እያመለከተች።

"አዎ።"

"ቀለሁንና ከከርከሮው የወጣውን እርሳስ ማን ሰጠህ?"

"ጋሼ" አለ። "የአደን አባትህ እኔ ነኝ ብለው ሰጡኝ። ከሃያው አንዷን አጉድለው።"

ወንበር ላይ ተቀመጠና የቀረውን ራሱ ተናገረው። ከአጎቱ የወረሰው የድሮ የጦር ጠመንጃ አለው። አባ ቀለህ ለዚህ ወር ጥይት አልሞሉለትም፤ ትዕግሥት እስክትማር ብለውታል። እሱ ደግሞ አላስቻለውም። ከአጎቱ ዕቃ ውስጥ ያልተነካ የወታደር ጥይት አገኘ፤ ለአደን የተከለከለ መሆኑን እያወቀ ይዞ ወጣ። በጭጋጉ ውስጥ አንድ ጥቁር ነገር ተንቀሳቀሰ። ከርከሮ ነው አለ፣ ተኮሰ።

"ጋሼ ሁልጊዜ የሚሉኝ አንድ ነገር ነበር" አለ። "ሙሉውን ያላየኸውን አትተኩስ። ሄጄ ሳየው ኮርማው ነው። ጥጃ እያለ እኔ ነኝ ያከምኩት።" ፊቱን በእርጥብ እጁ ሸፈነ። "ፈቃዴ ሊሄድ ነው፣ ሥራዬ ሊሄድ ነው። የተኮስኩትን ቀለህ አንሥቼ ወደዚህ ሮጥኩ፣ ሁለቱን አመጣሁ፣ ቀለሁን ሣሩ ላይ ጣልኩ። እርሳሱንም ከሬሳው አወጣሁ ብዬ ለእርስዎ ሰጠሁ። በሳቸው ማን ይጨክናል ብዬ ነው። ሰው ይስቃል፣ ይቀጧቸዋል፣ ያልፋል አልኩ።"

"ጠረጴዛቸውን ከትናንት በስቲያ በገዛ እጄ አሸግኩት" አለች። "ዛሬ ጠዋት ደግሞ እኔ ነኝ ብለሽ ጻፊ አሉኝ። ቀለሁን ገና ሲያሸቱት አውቀውሃል።"

ሐኪሙ እጁን ከፊቱ ላይ አወረደ። እስካሁን የፈራው ሕጉን ነበር። አሁን የመጣበት ግን ከሕግ የከፋ ነገር ነው፤ ድምፅ ሳያወጣ አለቀሰ። መርማሪዋ ሄዳ ቧንቧውን ዘጋችው። ከዚያም ኮቱን አቀበለችውና አብረው ወጡ።

*

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ይቺ እንኳ ብዙም አላደረች። ዓርብ ጠዋት መርማሪዋ ማሸጊያውን በገዛ እጇ ከጠረጴዛው ላይ ላጠች። አባ ቀለህ ወዲያው መነጽራቸውን ከቦታው አስቀመጡ። ባለቤታቸው ግን ቀኑን ሙሉ ሲያለቅሱና ሲራገሙ፣ ከዚያ እንደገና ሲያለቅሱ ዋሉ። እሁድ ሦስተኛው ወንበር ባዶ ሆነ። የሚቀጥለውም እሁድ እንደዚያው።

ሐኪሙ የአደን ፈቃዱን ተነጠቀ፤ የአጎቱም ጠመንጃ ተወረሰ። ሥራውን ግን አላጣም። ለዚህ ሽንጡን ገትሮ የተከራከረለት፣ ማንም ባልጠበቀው መንገድ፣ ከብት አርቢው ነው። "ጥፋቱ ጥፋት ነው" አለ፣ "ግን ስድስት ላሞቼ ከኮርማው አርግዘዋል። ማን ሊያዋልዳቸው ነው? ሳጅኑ?"

በሁለተኛው ወር መዝገቡ ተዘጋ። መርማሪዋ ቀለሁን ይዛ ወደ ሽማግሌው ቤት ሄደች። እግረ መንገዷን ማለት እንኳ አይቻልም፤ መንገዷ አልነበረም፣ ደስ ስላላት ነው። አባ ቀለህ ሳጥኑን ከፈቱ። አሥራ ዘጠኝና አንድ ባዶ ቀዳዳ።

"በል እንግዲህ መልሳት" አሉ ባለቤታቸው። "ሃያ ሞላልህ።"

ሽማግሌው ቀለሁን ያዙ፣ አሽከረከሩ፣ አሸተቱ። ከዚያ ሳጥኑን ዘጉና ቀለሁን ኪሳቸው ከተቱት። ባርኔጣቸውን አጠለቁ።

"ወዴት ነው?" አሉ ሴትዮዋ።

"ሰው አያለሁ።"

መርማሪዋ ተከተለቻቸው። እርባታው በረት ውስጥ አንዲት ላም ገና ወልዳለች፤ ጥጃዋ በአራት የሚንቀጠቀጡ እግሮች ለመቆም ትታገላለች፤ ግንባሯ የአባቷ ነው። ሐኪሙ ገለባው ላይ ተንበርክኮ እስከ ክርኑ ርሷል። ቀና ሲል አባ ቀለህን አያቸው።

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው እርጥብ እጁን ያዙና መዳፉን ዘረጉት። ቀለሁን መሃሉ ላይ አስቀመጡና ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፉበት።

"ያንተ ናት" አሉት። "ሁለተኛ እንዳትጥላት። እሁድ ደግሞ አትቅር፤ ያቺ ሴትዮ እኔን ልትበላኝ ነው።"